ትውልድ የማትሻገር ጎጆ

ከአዲግራት በስተ ሰሜን፣ በጉሎ መኸዳ ምድር፣ መዝብር የምትባል የፍርስራሽ ጉብታ አለች። ሐውልት የላትም፤ ቤተ መንግሥትም ሆነ የንጉሥ መቃብር አልወጣባትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ዓመት ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች ድንጋይ እየደረደሩ ቤት የሠሩባት፣ ያ ሲፈርስም በፍራሹ ላይ ሌላ ያቆሙባት መንደር ናት። ቆፋሪዎች ከአመዱና ከጥራጊው መካከል ለቅመው ካወጡት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የዶሮ አጥንት ነው። ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፉት፣ አጥንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት አካባቢ የነበረ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የቤት ዶሮ ማስረጃዎች ቀደምት ከሚባሉት ይመደባል። በሬ መስክ ይውላል፣ ፍየል ገደል ይወጣል፤ ዶሮ ግን ከደጃፍ አትርቅም። የሰው ፍርፋሪ ለቅማ፣ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች። ያ አጥንት የተጣለው ከአንድ ቤተሰብ ማዕድ ነው፤ ስለዚያ ቤተሰብ የምናውቀውም ከዚህ ብዙ አያልፍም።

የአገራችን ጽሑፍ ስለ ቤተሰብ ኑሮ ንፉግ ነው። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ የት እንደሰፈረ፣ ገድሉ ጻድቁ ስንት ዓመት እንደጾመ ይነግረናል። ገበሬው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በየትኛው ጥግ እንደሚተኛ፣ እናቱ አብራው ትኑር አትኑር፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤቱ ለማን እንደሚቀር ለመመዝገብ ግን ብራና ያወጣ የለም። ይህን ማወቅ የፈለገ ሰው ቤቱን መጠየቅ ይኖርበታል። ቤቱስ የት አለ? የደጋው ገበሬ ጎጆ እንጨት፣ ጭቃና ሳር ነው። ምስጥ፣ ዝናብና እሳት ይፈራረቁበታል። በጎጃም ወይም በበጌምድር ሦስት መቶ ዓመት የቆመ የገበሬ ጎጆ አሳዩኝ የሚል ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ደብሩ ይቆያል፣ ርስቱ ይቆያል፤ ጎጆው ግን ከባለቤቶቹ ጋር ይሄዳል። ብዙዎች ይህን እንደ ማስረጃ እጦት ያዩታል። ለእኔ ግን ዋናው ማስረጃ የጎጆው አለመቆየት ራሱ ነው።

ከመዝብር ወደ አክሱም ዘመን ስንወርድ ቤቱ ራሱ ባይገኝም ምስሉ ይገኛል። በአክሱምና በአካባቢዋ ከወጡት የሸክላ ሥራዎች መካከል ትናንሽ የቤት ቅርጾች አሉ። አንዱ ክብ ጎጆ ነው፤ ክዳኑ ሾጣጣ፣ ሳሩ በደረጃ በደረጃ የተደራረበ፤ ዛሬ ከመኪና መስኮት የምናየው ዓይነት። ሌላው ማዕዘናም ነው፤ በርና መስኮት አለው፣ የጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ብቅ ብሎ ይታያል፣ አሸንዳ እንኳ አልተረሳለትም። ሁለቱ የአሠራር ዓይነቶች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ማዕዘናሙን የሚመስለው የድንጋይ ቤት በትግራይና በኤርትራ ደጋ ህድሞ ተብሎ እስከ ዘመናችን ዘልቋል፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በወፍራም እንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። በላስታ ደግሞ ክብ ሆኖ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት ይሠራል፤ ታች ከብቱ፣ ላይ ሰው፣ ደረጃው በውጭ። እነዚህ ከባድ ቤቶች ናቸው፤ ሠሪያቸው ሲሞት ልጅ ይገባባቸዋል። ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፣ እንጨት በነበረበት አገር፣ የሚበዛው ቀላሉ ጎጆ ነው። የዚህ ትረካ ባለቤትም እሱ ነው።

ከአክሱም በኋላ ያለውን ብዙ መቶ ዓመት ዘልዬ ሚያዝያ 1512 ዓ.ም. ላይ ልቁም። በዚያ ወር ምጽዋ ከደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበረ። ስድስት ዓመት አገር ሲዞር ኖረና ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ውስጥ ታተመ። ካየው ነገር አንዱ በድባርዋ የተደረገ ሠርግ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በግቢው ሜዳ ላይ፣ አልጋ ተዘርግቶ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ተቀመጡበት። ካህናት ሃሌ ሉያ እያሉ አልጋውን ዞሩ። ከሁለቱም ራስ ላይ ጥቂት ጠጉር ቆርጠው በጠጅ አረጠቡና የእሱን በእሷ፣ የእሷን በእሱ ራስ ላይ አኖሩ። ይህን ሁሉ አልቫሬዝ በመገረም ይተርካል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ተጋቢዎቹ ዋስ ጠርተው ውል ይገባሉ፣ ከሁለቱ ጥሎ የሄደው ወገን ይህን ያህል ወርቅ ወይም ብር፣ ይህን ያህል በቅሎ፣ ላምና እህል ይከፍላል ተብሎ ይወሰናል። መለያየትም ቀላል ነው ይላል፤ ሰበብ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ መቀጮውን የሚከፍል ጥቂት ነው።

አልጋው በሜዳ ላይ ቆሟል፣ ጎጆው ገና ሊሠራ ነው፣ የሚፈርስበት ዋጋ ግን ተቆርጧል። የሚቀጥሉትን አራት መቶ ዓመታት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ በፋሲለደስ እጅ ስትቆረቆር ነገሩ ትንሽ ጠራ። ጎንደር ከተማ ናት፣ ስለ ገጠር ቤት በሚወራበት ቦታ ምን አመጣት የሚል ይኖራል። መንገደኛው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሲደርስባት በሰላም ጊዜ ወደ አሥር ሺህ ቤተሰብ እንደሚኖርባት ጽፏል፤ ቤቶቹም አብዛኛዎቹ ጭቃ፣ ክዳናቸውም ሾጣጣ ሳር ነበር። ከግንቦቹ ሥር የተከማቸ የገጠር ጎጆ ነበረ ብንል ይሻላል። የጎንደር አድባራት ካህናት ደግሞ ለታሪክ ትልቅ ውለታ ዋሉ፤ በመጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የሪም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን፣ መሬትና የቤት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ጻፉ። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን ጽሑፎች ሲያጠና ሴቶች ደጋግመው ብቅ አሉ። ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲያወርሱ፣ ሲካሰሱ ይታያሉ። ባልዋ ሳይጠራ በራሷ ስም የቆመች ሴት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የኅዳግ ጽሑፍ ላይ መገኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ እነዚህ ባለ መሬትና የካህናት ወገኖች ናቸው፤ ለሌላው የምታርስ፣ ጎጆዋ ከወንዝ ማዶ ያለች ሴት ኅዳግ ላይ አልተጻፈችም። የእሷን ለማወቅ ወደ ቤቷ መግባት ግድ ነው።

ቤቷ እንዴት እንደሚሠራ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አገር የዞሩ መንገደኞች ከጻፉት፣ ሽማግሌዎች ከሚያወሩትና እስከ ትናንት ከቆመው ጎጆ እንገጣጥማለን። ልጁ ሲያገባ አባትየው ጎረቤት በደቦ ይጠራል። ወንዶቹ ምሰሶ ይተክላሉ፣ ግድግዳውን ያቆማሉ፣ በማገር ያጠብቃሉ፣ ወራጁን ያወጣሉ፣ ሳሩን ይከድናሉ። ጠላው ተጠጥቶ ደቦው ሲበተን የቀረው ቅርፊት ነው። ቤት የሚሆነው ሴቶቹ ሲገቡበት ነው። ጭቃውን በጭድ አብኩተው ይመርጉታል፣ መደቡን ያነሣሉ፣ ምድጃውን ይሠራሉ፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ። እህል የሚያድርበትን ጎታ ከጭቃና ከእበት እየደራረቡ በእጃቸው ያቆማሉ፤ አንዳንዱ ጎታ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ከደረቀ በኋላም በበሩ አይወጣም። የውጩ የወንድ፣ የውስጡ የሴት ሥራ ነው። ሚስቱ የሄደችበት ሰው ቤት ከሩቅ ይታወቃል የሚባለው ለዚህ ይሆናል፤ ምርጊቱ መሰንጠቅ ይጀምራልና።

ውስጡ አንድ ክፍል ነው፣ ያውም ጨለማ። ጭሱ መውጫ የለውም፤ በሳሩ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል፣ ሲወጣም ወራጁን በጥቀርሻ አጥቁሮ ከነቀዝ ያድነዋል። ሰፋ ያለው ቤት በውስጡ ሌላ ክብ ግድግዳ አለው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚቀረው ቀለበት ለሦስት ለአራት ይከፈላል፤ አንዱ የከብት ማደሪያ፣ አንዱ ጓዳ፣ አንዱ መኝታ። ጠበብ ባለው ቤት ግን ጥጃው ከምድጃው አጠገብ ያድራል፣ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ባልና ሚስት በጠፍር አልጋ ወይም በመደብ ላይ፣ ልጆቹ መሬት ላይ በቁርበት አንድ ጋቢ ተጋፈው ይተኛሉ። ከብት ከሰው ጋር ለምን ያድራል ቢባል ጅብ፣ ሌባና ብርድ ሦስቱም መልስ ናቸው።

የመቀመጫው ሥርዓት በጭቃ ተጽፏል። ከፍ ያለው መደብ የአባትየውና የእንግዳው ነው። ማታ እግር ይታጠባል፤ ልጅ ወይም ሚስት አጥባ፣ ጉልበት ስማ ትነሣለች። አባትና እንግዳ ይበላሉ፤ ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ ከጓዳ ይቀርባሉ። የሃይማኖት ትምህርቱ፣ የነገር ጨዋታው፣ የርስት ክርክሩ ሁሉ በዚያችው ክብ ውስጥ ይወራል፤ ልጅ የሚለይበት ክፍል ስለሌለ ሁሉን ይሰማል። የአማራ ልጅ ገና በአሥር ዓመቱ ስለ ችሎት የሚያውቀው ብዛት መንገደኞችን ሲያስገርም ኖሯል። እኔ ግን ምስጢሩ ከግድግዳው እጦት ላይ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚናገር ዕቃ ወፍጮ ነው። በጓዳው ጥግ በጭቃ ተደግፎ የተተከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ ከላዩ መጅ። እህል በየቀኑ ይፈጫል፤ ሌሊት ተነሥታ ተንበርክካ የምትፈጭ ሴት መሀሉን ጎድጓዳ ታደርገዋለች። ድንጋዩ ሲልም እየተወቀረ ይሻካራል፣ ሲሳሳ ይጣላል። የፈረሰ ጎጆ ቦታ ላይ እንጨቱ በስብሶ፣ ጭቃው ሟሙቶ ወፍጮው ብቻ ተገልብጦ የሚገኘው ለዚህ ነው። ማን ነበረች የፈጨችበት? በድሀው ቤት ሚስቲቱ። ወንድ ልጁን በዳረው ቤት ምራቲቱ፤ ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ከአማቶቿ ጋር እየኖረች እንድታድግ የመጣች። ባለጠጋው ቤት ግን ባሪያ ነበረች። ስለ ደጉ የጥንት ቤተሰብ ስናወራ ይህችን ሴት ከጓዳው አውጥተን መርሳት ይቀናናል። የምትተኛው ከምድጃው ጥግ ነበር፤ በቤቱ ቆጠራ ከዕቃው ጋር እንጂ ከልጆቹ ጋር አትቆጠርም። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻር ብዙዋ ከዚያው ጥግ ወዲያው አልተነሣችም። ወፍጮው ከጓዳ የወጣው ደግሞ የሞተር ወፍጮ በየገበያው መንደር እየተተከለ ሲመጣ ነው።

ልጅ የሚወለድበትም ስፍራ የራሱ ታሪክ አለው። ክርስቲያኒቱ አራስ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በመጋረጃ በተከለለ ጥግ ትተኛለች፤ ወንድ ከወለደች አርባ፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን፣ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ግን ከመኖሪያው ራቅ አድርገው ሌላ ጎጆ ይሠሩ ነበር። ያራስ ጎጆና የመርገም ጎጆ ይባላሉ። ዙሪያውን የድንጋይ ቀለበት ተደርጎለታል፤ ምግብ የሚያቀብለው ሰው ቀለበቱን አይሻገርም። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ሰባት ቀን፣ የወለደችውም አርባ ወይም ሰማንያ ቀን በዚያ ትቆያለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ቤተ እስራኤሎችን ከሩቅ የሚያውቁባት ምልክትም ያቺ ከመንደሩ ዳር የቆመች ትንሽ ጎጆ ነበረች። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተጓዙት ሴቶች የገቡት ፎቅ ቤት ነው። ድንጋይ የሚከበብበት ደጃፍ ስለሌለው እናቶች ሰገነቱን ወይም አንዷን ክፍል ለመለየት ሲሞክሩ የአገሩ ሰው ግራ ተጋባ። በኢትዮጵያ ለአንዲቱ ሴት የመገለልም የማረፊያም ቦታ የነበረው ጎጆ በእስራኤል ሳይፈርስ ቀረ፤ ሊሠራ አልቻለምና።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሁለት ነገሮች በተከታታይ ደረሱ። ከ1880 ጀምሮ ክፉ ቀን ሆነ፤ የከብት እልቂት፣ ድርቅና ረኀብ ለዓመታት ተከታተሉ፤ በጎጆው ውስጥ የከብት የነበረው ወገን ባዶ ቀረ፣ ብዙው ጎጆ ደግሞ ከነሰዎቹ ባዶ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ግድም፣ ምኒልክ ባሕር ዛፍ አስመጡ። የአዲስ አበባን የማገዶ ጥያቄ ለመመለስ ነው የመጣው፤ ግን ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ለወራጅ የሚደርስ ዛፍ ቀስ በቀስ በየገበሬው ጓሮ ገባ። ቀጥ ያለ እንጨት ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። የክቡ ቤት ዕድሜ ከዚያ ጀምሮ መቆጠር ጀመረ ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲያቃጥልና ሲያፈርስ ቆይቶ ሲወጣ ያላሰበውን ነገር ትቶ ሄደ። ለጦርነቱና ለካርታ ብሎ ከአውሮፕላን ያነሣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ውስጥ ቀርተው በቅርብ ዓመታት ተገኙ። ተመራማሪዎች ዛሬ የሚያዩባቸው የደን መመናመንንና የአፈር መሸርሸርን ነው። እኔ ግን በየማሳው መካከል ነጠብጣብ ሆነው የሚታዩትን ጎጆዎች አያለሁ። ሦስት አራት ጎጆ በአንድ አጥር ውስጥ፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥቂት። ትልቁ የአባት ነው። አጠገቡ ያለው አዲስ ጎጆ የወጣው ልጅ ነው፤ ጥቂት ዓመት እዚያው ቆይቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ጓሮ ያለችው ትንሿ ደግሞ የባልቴት እናት ወይም ተፋትታ ከላሞቿ ጋር የተመለሰች ሴት ልጅ ማደሪያ ናት። ግቢውን ከላይ ያየ ሰው የዘር ሐረጉን እንደ መጽሐፍ ያነብባል፤ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ፎቶግራፍ ቢነሣ ገጹ ሌላ ነው።

ለምን ሌላ እንደሚሆን የተብራራው በ1950ዎቹ ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሰው ኑሮ ተመራማሪ ደሞት ጎጃም ገብቶ ከገበሬዎች ጋር ኖረ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። የሚገልጸውን ነገር ባላገሩ ድሮም ያውቀዋል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቃል። አንድ ሰው በአያቱ እናት በኩል ማዶ ካለው አገር መሬት ሊከራከር ይችላል፤ ከረታ ወደዚያ ይሄዳል። መሬቱ የዘር ነው፣ ዘሩም በአንድ ቤት ተከማችቶ አይቀመጥም። ስለዚህ ጎጆ የሚወረስ ሀብት አልሆነም። ማረሻው፣ በሬው፣ የክርክር ችሎታው ነው ሀብቱ። ሲሄድ ምሰሶውንና ወራጁን ነቅሎ ይጭናል፤ ጭቃው እዚያው ይሟሟል። አባቱ የኖረበትን ቤት የአባቴ ቤት ብሎ ጠብቆ የሚያኖር ልጅ አይገኝም፤ የአባቱን ስም የሚያስጠራው በርስት ችሎት ነው።

ትዳሩም እንዲሁ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሁለቱም ወገን ከብት አምጥተው ይጀምራሉ፤ ሲለያዩ ሁሉም ያመጣውን ይዞ፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ቁርባን የያዙትማ አይፋቱም፤ እነሱ ግን ካህናቱና በዕድሜ የገፉት ናቸው። ቀሪው ሰው በሕይወቱ ሁለት ሦስት ጎጆ ሠርቶ ቢያፈርስ አያስደንቅም ነበር። አንድ ጥንድ፣ አንድ ጎጆ። እኛ ዛሬ ትልቅ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረበት የጥንት ዘመን ነበር እያልን እንናፍቃለን፤ ጎጆው በስፋቱ ይህን አይመሰክርም። አያት ከነልጆቿና ከነምራቶቿ የምትኖርበት ቤት ቢኖር የመኳንንቱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣና ርስት ተሻረ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ፤ ገበሬ ማኅበራት ቤተሰብ እየቆጠሩ አደሉ። ያኔ ጎጆ ያልነበረውን ትርጉም አገኘ። የአያትን ስም መቁጠር ቀርቶ ምድጃ መቁጠር መጣ፤ ለብቻው ጎጆ ያልወጣ ጎልማሳ ከአባቱ ተጠግቶ ይቆጠራልና። የመሬቱ መዝገብ የሚይዘው የአባወራውን ስም ነበር። ሚስት በራሷ ዘር ርስት መከራከር የምትችልበት የጥንቱ መንገድ ሲዘጋ፣ አዲሱ መንገድ በባሏ ስም ውስጥ ገባ። ስለ አብዮቱ በሚጻፈው ሁሉ ይህ ኪሳራ ብዙ አይወራም።

ከዚያ መንደር ምሥረታው መጣ። በሐረርጌ በ1977 ተጀምሮ በ1978 አገር አቀፍ ዘመቻ ሆነ። ገበሬው ጎጆውን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ ካድሬ በገመድ በለካው መስመር ላይ እንዲተክል ታዘዘ። እስከ 1981 ድረስ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዲህ ተሰብስቧል። ተመራማሪዋ ሔለን ፓንክረስት በዚያ ዘመን መንዝ ተቀምጣ አጥንታ በጻፈችው መጽሐፏ ውስጥ የሴቶቹ ድካም በሰፊው ይገኛል፤ ለሴት ጎታ እንደገና መሥራት፣ ምድጃ እንደገና መሥራት፣ ውኃና ማገዶ እንደገና ማፈላለግ ማለት ነበር። ቤቶቹ እኩል ተደርድረው በረት የሚሆን ቦታ ጠበበ፤ ዘመድ ከዘመድ፣ ማሳ ከቤት ተራራቀ። በደርግ ካርታ ላይ መስመሩ ያምር ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ በብዙ ቦታ ገበሬው ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንጨቱን እንደገና ነቅሎ ወደ ድሮ ደጃፉ ተመለሰ። ጎጆ ተነቃይ መሆኑ ጠቀመው።

ሲመለስ ግን የሠራው የድሮውን አልነበረም። በየዓመቱ እየበዛ የመጣው ማዕዘናም ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሳሩ ጠፍቷል፣ ባሕር ዛፉ አለ፣ ቆርቆሮው ከወረዳ ከተማ በአህያ ይመጣል። ሀብት በቆርቆሮ ቁጥር መነገር ጀመረ፤ ሽማግሌ ልጅቷን ሊጠይቅ ሲሄድ የልጁ አባት ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ቤት እንዳለው ማንሣት አይረሳም። ማዕዘናም ቤት ለመከፈል ይመቻል፤ ሳሎን ወጣ፣ መኝታ ቤት ወጣ፣ ከብት በረት ገባ፣ ጭሱ ከማድ ቤቱ ጋር ወደ ጓሮ ሄደ። በር ቁልፍ አገኘ። ልጆች ወላጆቻቸው የሚያወሩትን ሳይሰሙ ማደር ጀመሩ፤ ትምህርት ቤት የሄደችው ልጅ ደብተሯን የምታስቀምጥበት ጥግ አገኘች። እናትየው ግን ከጓሮ ማድ ቤት ሆና ሳሎን የሚወራው አይሰማትም፤ በክቡ ቤት ጓዳ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብና ቤት ቆጠራ በአማራ ክልል ገጠር አንድ ቤት በአማካይ የሚኖርበት ሰው 4.5 ሆኖ ተገኘ። አምስት ስድስት ልጅ በሚወለድበት አገር ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ አዲስ ጎጆ የሚወጣው ልጅ፣ ለብቻዋ የምትኖረው ባልቴት ሲታሰቡ ግን በአውሮፕላን ፎቶግራፉ ላይ ካየነው ግቢ ጋር ይጣጣማል። የቤቱ ቅርጽ ተለወጠ እንጂ አንድ ጥንድ፣ አንድ ቤት የሚለው ልማድ ቶሎ አልለቀቀም።

የለወጠው ወረቀት ነው። በ1989 ዓ.ም. ክልሉ መሬት ሲያሸጋሽግ ለብቻቸው ለሚኖሩ ሴቶችም በስማቸው ደረሰ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ደብተር መታደል ጀመረ፤ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፣ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። ከጎንደር ኅዳግ ወዲህ የገጠር ሴት ስም ከመሬት ጋር እንዲህ በስፋት ሲጻፍ የመጀመሪያው ይህ ይመስለኛል፤ ያውም የጎንደሯ ባለ ሪም ነበረች፣ ይህችኛዋ ወፍጮ የፈጨችው ናት። በዚያው ዓመት ክልሉ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜም 18 ሆነ፣ በወረቀት።

ቆርቆሮ ቤት አይነቀልም፣ በዝናብ አይሟሟም፣ ባለቤቱን ይተርፋል። ስለዚህ ጎጆ ያላመጣውን ጠብ አመጣ። ሲፋቱ ቤቱን ማን ይቀመጥበት፣ አባት ሲሞት ለየትኛው ልጅ ይቅር? ድሮ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ አሁን የወረዳ ፍርድ ቤት ሥራ ሆኗል።

የወሎው ደግሞ ይብሳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ ሴት ልጆች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ሄዱ፤ የላኩት ገንዘብ ከምንም በፊት የዋለው ለእናትና ለአባት ቤት ነው። በየመንገዱ ዳር የሚያብረቀርቀው አዲስ ጣሪያ በብዛት የሴት ልጅ ደመወዝ ነው። ቤቱ የቆመው ግን በወላጆች ይዞታ ላይ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍም የእነሱ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነዚህ መካከል የላኩት ገንዘብ ባቆመው ቤት ውስጥ ወንድማቸው ሚስት አግብቶ የጠበቃቸው ነበሩ። ጠቡ ወደ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ የምታቀርበው ማስረጃ የሐዋላ ደረሰኝ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ማን መሬቱን ያዘ ከማለታቸው በፊት ቆርቆሮውን ማን ገዛው ብለው መጠየቅ ለምደዋል።